አይቪ ሊግ የስፖርት ሊግ ነው

አምቦ ውስጥ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት በር ላይ «በአይቪ ሊግ ሙሉ የስፖርት ስኮላርሺፕ! ቦታው ሳይሞላ ይመዝገቡ» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፎ አይቻለሁ። ቱታ የለበሱ ሁለት ልጆች ስልክ ቁጥሩን ሲመዘግቡ ጠጋ ብዬ «እንዲህ የሚባል ነገር የለም፤ ገንዘባችሁን እንዳትሰጡ» አልኳቸው። አንደኛው «ጋሼ፣ አይቪ ሊግ የለም እያሉን ነው?» አለኝ። አይቪ ሊግስ አለ። የሌለው የስፖርት ስኮላርሺፑ ነው።

አባላቱ ስምንት ናቸው፦ ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኮሎምቢያ፣ ኮርኔል፣ ብራውን፣ ዳርትመዝና የፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ። ዝናቸውን የማያውቅ ስለሌለ አልደክምበትም። እኔን የሚያንገበግበኝ ሰው ሁሉ ስሙን የትምህርት ማዕረግ አድርጎ መያዙ ነው። አይቪ ሊግ ማዕረግ ሳይሆን የጨዋታ ውል ነው። ኤም አይ ቲ የለበትም፤ ስታንፎርድም የለበትም። በትምህርት አንሰው ነው የሚል ካለ ይንገረኝ። ውሉ ውስጥ ገብተው አይጫወቱም፣ በቃ።

ነገሩ የተጠነሰሰው ውሉ ከመፈረሙ መቶ ዓመት ገደማ ቀድሞ፣ ሐይቅ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1852 ኦገስት 3 ቀን ሃርቫርድና ዬል በኒው ሃምፕሸር፣ ዊኒፔሶኪ በተባለ ሐይቅ ላይ በጀልባ ቀዘፋ ገጠሙ። በአሜሪካ ኮሌጆች መካከል የተደረገው የመጀመሪያው የስፖርት ውድድር ይህ ነው። ገንዘቡን ያወጣው ደግሞ የባቡር ኩባንያ ነበር፤ ወደ ሐይቁ የሚወስደው ባቡሩ መንገደኛ እንዲያገኝለት ብሎ የተማሪዎቹን ወጪ ሸፈነ። ዛሬ ቢሆን የቱሪዝም ማስተዋወቂያ እንለዋለን። «ኦናይዳ» የተባለችው የሃርቫርድ ጀልባ አሸነፈች። ሽልማቱ ከጥቁር ዋልነት እንጨት ተሠርቶ በብር ያጌጠ ጥንድ መቅዘፊያ ነበር፤ ያስረከቡት ጄኔራል ፍራንክሊን ፒርስ በዚያው ዓመት መጨረሻ የአሜሪካ ፕሬዝዳንት ሆነው ተመረጡ። ዝናው ዛሬ ላይ የደረሰው ግን በሽልማቱ አይደለም። ሁለቱ ደጋግመው ስለተገናኙ፣ አንዱ ሲሸነፍ «ለከርሞ እንገናኝ» ማለት ስለቻለ ነው።

በ1945 የስምንቱ ፕሬዝዳንቶች በአሜሪካ ፉትቦል ላይ ተስማሙ፤ በ1954 ስምምነቱን ወደ ሁሉም ስፖርቶች አሰፉት። ከ1956 ጀምሮ በፉትቦል እያንዳንዱ ከሰባቱ ጋር በየውድድር ዘመኑ ይጫወታል። የውሉ አከርካሪ አንድ ክልከላ ነው፦ ስለሮጠ ወይም ኳስ ስለመታ ብቻ ለማንም ስኮላርሺፕ አይሰጥም። ድጋፍ የሚገኘው የቤተሰብ አቅም ታይቶ ነው፤ ያም ለሯጩም ለማይሮጠውም እኩል ነው። በዚያ ላይ የሚመለመሉት ስፖርተኞች የትምህርት ውጤት ከሌላው ተማሪ ብዙ እንዳይርቅ የሚቆጣጠሩበት ስሌት አላቸው። እንግዲህ ያ ማስታወቂያ ለጥፎ ከደሃ ልጅ የመመዝገቢያ የሚሰበስብ ሰው የሚሸጠው፣ ሊጉ ራሱ የከለከለውን ነገር ነው።

ማን ሊቀላቀላቸው ይችላል? ከ1954 ወዲህ አንድም አልተጨመረም። ሌሎቹ የአሜሪካ ሊጎች ግን በቴሌቪዥን ገንዘብ ተስበው ሲፈርሱና ሲሠሩ ይኖራሉ። «ቢግ ቴን» አሥር የሚለውን ስሙን እንደያዘ በ2024 አሥራ ስምንት አባላት ደረሰ። በዚያው ዓመት በፓሲፊክ ዳር ያሉት ስታንፎርድና በርክሌይ በአትላንቲክ ስም በሚጠራው ሊግ ገቡ። ወላጆቹ ከኢትዮጵያ የሄዱት ያሬድ ንጉሤም በ2019 የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የ1500 ሜትር ሻምፒዮን የሆነው በዚሁ በአትላንቲኩ ሊግ ከሚወዳደረው ከኖትርዳም ነው። ከዚያ በፓሪስ ኦሊምፒክ ነሐስ አገኘ። ስኮላርሺፕ የሚፈልግ ሯጭ መጠየቅ ያለበት እንዲህ ያሉትን ነው።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ በ2013 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲዎች በምድብ ሲለዩ ስምንት የምርምር ዩኒቨርሲቲ ተባሉ፦ አዲስ አበባ፣ ጎንደር፣ ባሕር ዳር፣ ሐዋሳ፣ ጅማ፣ ሐረማያ፣ መቀሌና አርባ ምንጭ። አምቦ አፕላይድ ሳይንስ በተባለው ምድብ ውስጥ ገባ። ቁጥሩ ስምንት ሆኖ ስለገጠመ «የእኛ አይቪ ሊግ» የሚሉ አሉ፤ አምቦ መቼ ይገባል ብለውም ይከራከራሉ። እነዚህ ስምንቱ ግን እርስ በርስ የሚጫወቱበት ውል የላቸውም። ያለን ፌስቲቫል ነው፤ አንዱ ያስተናግዳል፣ ሌላው በአውቶቡስ ይመጣል፣ ሜዳሊያ ተቆጥሮ ይበተናል። እ.ኤ.አ. በ2018 መቀሌ ዩኒቨርሲቲ የመላው አፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎችን ጨዋታ ሳይቀር አስተናግዷል። ፌስቲቫል ደስ ይላል፣ ግን ባላንጣ አያፈራም።

ሊግ ጎረቤት ይፈልጋል፣ ጎረቤት ደግሞ እዚሁ ሞልቷል። አምቦና ወሊሶ ሁለቱም ከአዲስ አበባ 115 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃሉ፤ አንዷ በነቀምት መንገድ፣ ሌላዋ በጅማ መንገድ። ከመካከላቸው የወንጪ ተራራ ቆሟል፤ አምቦ ዩኒቨርሲቲም በተራራው ወዲህና ወዲያ ካምፓስ አለው። በአንዱ መንገድ ብንቀጥል ነቀምት ላይ ወለጋ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ በሌላው ወልቂጤና ጅማ። ጅማ ከስምንቱ አንዱ ነው፣ አምቦ አይደለም፤ ሜዳ ላይ ግን ምድብ አይጠየቅም። የሯጭ ችግርም የለብንም። እ.ኤ.አ. በ2016 በሪዮ የማራቶን ብር ያገኘው ፈይሳ ሌሊሳ የዚሁ አካባቢ፣ የጄልዱ ልጅ ነው።

እኔ ብጠየቅ የምጀምረው በተራራው ላይ ባለው ሐይቅ፣ ሐሮ ወንጪ ላይ ነው። የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ወንጪን እ.ኤ.አ. በ2021 ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ብሎ መርጦታል። ሐይቁ እንግዳን ወደ ደሴቱ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን የሚያሻግሩ ቀዛፊዎችም አሉት፤ ተማሪዎቹን እነሱ ያሠልጥኑ። የስፖርት ኃላፊ ሆነው ይህን የሚያነቡ ካሉ የሚኒስቴር ደብዳቤ አይጠብቁ። አምቦና ወልቂጤ አንድ ቀን ይቁረጡ፤ ለከርሞም እንዲደገም ይፈራረሙ። ሃርቫርድና ዬል ሲጀምሩ ይህን ያህል እንኳ ውል አልነበራቸውም።