ጥሬ ዲስክና የበሰለ ፋይል

በስልክ ገንዘብ ልከን «ተሳክቷል» የሚል መልእክት ሲደርሰን፣ ከጀርባ ያለው ዳታቤዝ ቃል ገብቶልናል፤ አሁኑኑ መብራት ቢጠፋ እንኳ ዝውውሩ አይጠፋም ማለቱ ነው።

ዳታቤዙ ወደ ፋይል ሲጽፍ ግን መሀል ላይ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ አለ። የተሰጠውን ሚሞሪ ላይ ያቆይና «ተቀብያለሁ» ይላል፤ ዲስክ ላይ የሚያሳርፈው በራሱ ጊዜ ነው። ዳታቤዙም የራሱን ሚሞሪ ስለሚይዝ አንድ ገጽ ሁለት ቦታ ይቀመጣል። የዳታቤዝ ተመራማሪው ማይክል ስቶንብሬከር እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት ጽሑፍ ይህን አሠራር ለዳታቤዝ የማይመች ብለው ተችተውታል።

መፍትሔው ጥሬ ዲስክ ነበር። ፋይል ሲስተም ያልተጫነበት ፓርቲሽን እንዳለ ለዳታቤዙ ይሰጣል፤ የቱ ብሎክ ላይ ምን እንደሚያርፍ ራሱ ይወስናል። ኦራክል፣ ሳይቤዝና ኢንፎርሚክስ በዩኒክስ ማሽኖች ላይ በዚህ መንገድ ሠርተዋል። የኢንፎርሚክስ ባለሙያዎች ይህን «ጥሬ»፣ ተራውን ፋይል ደግሞ «የበሰለ» ይሉታል፤ ስያሜው ደስ ይለኛል።

ጥሬው ግን ጠባቂውን ያደክማል። ፎልደር ውስጥ ገብተው ቢፈልጉት አይታይም፣ እንደ ፋይል ኮፒ አይደረግም፣ ምን እንደያዘ ለማያውቅ ሰው ባዶ ፓርቲሽን ይመስላል። ለምሳሌ ማይኤስኪውኤል የተባለው ዳታቤዝ መረጃ የሚያስቀምጥበትን ክፍል፣ ኢኖዲቢን፣ እንይ። ማዋቀሪያው ላይ ከፓርቲሽኑ ስምና መጠን ቀጥሎ «ኒውሮው» ተብሎ ይጻፋል፤ ሰርቨሩ ሲነሣ ፓርቲሽኑን ያሰናዳል። ከዚያ ሰርቨሩ ቆሞ ቃሉ «ሮው» መሆን አለበት። ይህ ሳይደረግ ቴብል እንዳይፈጠር መመሪያው ያስጠነቅቃል፤ ሰርቨሩ እንደገና ሲነሣ ፓርቲሽኑን እንደ አዲስ ያሰናዳዋልና። የአንድ ድርጅት መረጃ በሙሉ በአንዲት «ኒው» ላይ መንጠልጠሉ ያስፈራኛል።

ጥሬ ዲስክ በፍጥነት ይሰጥ የነበረው ጥቅምም ጠቧል። ሊኑክስ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ «ኦ ዳይሬክት» በሚባለው መንገድ ተራ ፋይልን የኦፕሬቲንግ ሲስተሙን ካሽ ዘሎ ለመጻፍ ይፈቅዳል፤ ለጥሬ ዲስክ ያገለግል የነበረውን የቆየ የ«ሮው» ድራይቨር በ2021 ከነአካቴው አስወጥቶታል። እኔም ለአብዛኛው ሥራ ፋይልን እመርጣለሁ።

ይህ ሲባል ፋይል እንከን የለውም ማለት አይደለም። ፋይል ላይ ብቻ የሚሠራው ዳታቤዝ፣ ፖስትግሬስ፣ «ሚሞሪ ላይ ያለውን ዲስክ ላይ አሳርፍ» የሚለው ትእዛዝ፣ ኤፍሲንክ፣ ሲከሽፍ ይደግመው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 ግን ሊኑክስ ከክሽፈቱ በኋላ ያልተጻፈውን ገጽ እንደተጻፈ ሊቆጥረው፣ ሁለተኛውንም ሙከራ «ተሳክቷል» ሊለው እንደሚችል ታወቀ። ከ2019 ወዲህ ፖስትግሬስ ኤፍሲንክ እንደከሸፈ ሥራውን ያቆማል፤ ሲነሣም ለውጦችን አስቀድሞ የሚጽፍበትን መዝገብ ከመጨረሻው ቼክፖይንት፣ ማለትም ቀድሞ የነበሩት ለውጦች ዲስክ ላይ ማረፋቸው ከተረጋገጠበት ነጥብ፣ ጀምሮ አንብቦ ለውጦቹን እንደገና ይጽፋል።