በአንድ የጎመን ቅጠል ላይ ሁለት ዓይነት ጠብታ

ጓሮ ውስጥ ጥቂት እግር የሐበሻ ጎመን ካላችሁ፣ ጠዋት ፀሐይዋ ሳትበረታ ጎንበስ ብላችሁ ቅጠሉን እዩት። መሐሉ ላይ ድቡልቡል ውሃ ተቀምጧል። ጠርዙ ላይ ደግሞ፣ ጥርስ በሚያወጣባቸው ጫፎች፣ አንዳንድ ጠብታ በተርታ ተንጠልጥሏል። ሁለቱንም በጅምላ ጤዛ እንላቸዋለን። የመሐሉ ግን ከውጭ መጥቶ መግባት ያቃተው ውሃ ነው፤ የጠርዙ ከውስጥ የወጣ።

የመሐሉን ለመረዳት ጓሮ መውረድም አያስፈልግም፤ ለምሳ የተቀነጠሰው ጎመን ይበቃል። ያልታጠበ ቅጠል ላይ በማንኪያ ጥቂት ውሃ አንጠባጥቡ፤ ተንከባልሎ ይወርዳል። አሁን የቅጠሉን ግማሽ በአውራ ጣታችሁ ጠበቅ አድርጋችሁ እሹና ድገሙት። በታሸው በኩል ውሃው ይለጠፋል። በጣታችሁ ያነሣችሁት ያ አመድማ ሽፋን ሰም ነው።

ሰሙን የሚሠራው ጎመኑ ራሱ ነው። በቅጠሉ ቆዳ ላይ በዓይን የማይለዩ ቅንጣቶች ሆኖ ይቆማል፤ በቅንጣቶቹ መካከል አየር አለ። ጠብታው የሚያርፈው በሰሙ ጫፎችና በአየሩ ላይ ስለሆነ ቅጠሉን እምብዛም አይነካውም፤ ብሩሽ ላይ እንደተቀመጠ ኳስ ነው። ውሃ ደግሞ ከሰም ይልቅ ከራሱ ጋር መያያዝ ይቀናዋል፤ ስለዚህ ይድቦለቦላል፤ ሲንከባለልም አቧራውን ጠራርጎ ይወርዳል። ያልታሸውን ቅጠል ሳህን ውሃ ውስጥ ብትነክሩት እንደ ብር ያብረቀርቃል። የሚያብረቀርቀው በሰሙ መካከል ታስሮ የቀረው አየር ነው።

ክሽክሽ የሚባለው ተባይ በውሃ ብቻ አልለቅ ብሎ ያስቸገራችሁበት ምክንያት እዚህ ላይ ነው። ቅጠሉ ሰም ለብሷል፤ የጎመን ክሽክሽም ገላው በነጭ የሰም ዱቄት የተሸፈነ ነው። የተረጨው ውሃ ከሁለቱም ላይ ይንሸራተታል። ጥቂት ሳሙና ሲገባበት ግን ውሃው ከራሱ ጋር ያለው ትስስር ይላላና ቅጠሉንም ተባዩንም ያረጥባል።

ወደ ጠርዙ ጠብታ ስንመጣ፣ እኔን ይበልጥ የሚደንቀኝ ይህኛው ነው። ጤዛ ከአየር የሚመጣ ነው፤ ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት፣ በተለይ በጥቅምትና በኅዳር፣ የቀዘቀዘውን ሁሉ ያለብሳል፤ ድንጋዩንም፣ ቆርቆሮውንም፣ ደጅ ያደረ ወንበርንም። የጠርዙ ጠብታ ግን ድንጋይ ላይ አይገኝም። የሚገኘው የቅጠሉ ደም ሥር በሚያልቅበት ጫፍ ላይ ነው፤ እዚያ ትንሽ የውሃ በር አለች።

ቀን ቀን ተክሉ ውሃ የሚስበው ከላይ ነው። በቅጠሉ ቀዳዳዎች ውሃው እየተነነ ሲወጣ ከሥሩ ያለውን ይጎትታል። ሌሊት ቀዳዳዎቹ ይዘጋሉ፤ ሥሩ ግን ሥራውን አያቆምም። ከአፈር የሰበሰበውን ጨው ወደ ውስጠኛው የውሃ መስመር ያስገባል፤ ውሃውም ጨዉን ተከትሎ ይገባል። አፈሩ እርጥብ ከሆነ መስመሩ እየሞላ ግፊት ይፈጠራል፤ በመጨረሻም ውሃው በጠርዙ በሮች ይወጣል። ልብም ሞተርም የሌለው ተክል በጨለማ ውሃ ሽቅብ ይገፋል! እንግሊዛዊው ቄስ ስቲቨን ሄልስ ይህን ግፊት በተቆረጠ የወይን ግንድ ላይ የመስታወት ቧንቧ አስሮ ለክቶ በ1727 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አሳትሞታል። ግፊቱ ጎመንና በቆሎ ለሚያህል ተክል ይበቃል እንጂ ባሕር ዛፍ ጫፍ ድረስ ውሃ አያደርስም፤ እዚያ የሚያደርሰው የቀኑ ትነት ነው።

መሞከር ለሚፈልግ፣ በጣሳ የበቀለ የበቆሎ ቡቃያ ማታ እስኪጠግብ ውሃ ይጠጣና በፌስታል ይሸፈን፤ ጠዋት በቅጠሎቹ ጫፍ ላይ ጠብታ ይገኛል። ጠብታው ንጹሕ ውሃ አይደለም። ጨውና ጥቂት ስኳር ስላለበት ሲደርቅ ነጭ ምልክት ይተዋል። ዘሩ በፀረ ተባይ የታሸ ከሆነ መድኃኒቱም አብሮ ሊወጣ ስለሚችል ልጆች እንዳይቀምሱት።

ያቺ የጠርዝ በር ግን ውሃ የምታስወጣ ብቻ አይደለችም። ጠዋት ተክሉ መሳብ ሲጀምር ጠብታው ተመልሶ ሊገባ ይችላል፤ ያኔ በውስጡ ያረፈ ባክቴሪያም አብሮ ይገባል። ዛንቶሞናስ የሚባለው የጎመን በሽታ አምጪ ዋና መግቢያው ይህች በር ናት። ምልክቱም ቦታውን ይናገራል፤ ከጠርዙ የሚነሣ፣ ሹል ጫፉ ወደ ቅጠሉ መሐል ያመለከተ ቢጫ ሦስት ማዕዘን፤ ውስጡ ያሉት ደም ሥሮችም ይጠቁራሉ። ውሃ ከላይ ሲፈስ ከአንዱ ቅጠል ወደ ሌላው እየተፈናጠቀ ባክቴሪያውን ያዛምታል። ቅጠሉ እንደሆነ ከላይ የሚፈስበትን ውሃ አንከባልሎ ይጥለዋል፤ ስለዚህ ከሥሩ ማጠጣት ይሻላል። ያ ቢጫ ምልክት ከታየ የታመመውን እግር ነቅሎ ከጓሮው ማራቅ ነው። በዚያ መደብ ላይ ቢያንስ ለሁለት ዓመት ጥቅል ጎመን፣ አበባ ጎመንም ሆነ ሰናፍጭ አይተከልበት፤ ሁሉም የአንድ ቤተሰብ ናቸውና። ሽንኩርት ወይም ካሮት ይሁንበት።