ርካሹ ፕሪንተር፣ ውዱ ቀለም

ባለ ካርትሪጅ ፎቶ ፕሪንተር ሲገዛ ሱቅ ላይ የሚከፈለው ገንዘብ ቀብድ ብቻ ነው። አምራቹ ማሽኑን በትንሽ ትርፍ፣ አንዳንዴም በኪሳራ ይለቅና ሂሳቡን ከቀለም ይለቅማል። የቤት ካርትሪጅ የሚይዘው ቀለም ጥቂት ሚሊ ሊትር ሲሆን ቀለም ከጠርሙስ ለሚሞላባቸው ባለ ታንክ ፎቶ ፕሪንተሮች የሚሸጠው ጠርሙስ ግን በአብዛኛው 70 ሚሊ ሊትር ነው።

ይህን አሠራር መጀመሪያ የነቀነቁት አምራቾቹ አይደሉም። በእስያ ገበያዎች ባለሙያዎች ከፕሪንተሩ ጎን ጠርሙስ እያስቀመጡ፣ ቀለሙን በቀጭን ቱቦ ቀለም ወደሚረጨው የማተሚያ ክፍል (ሄድ) እየላኩ ሲሸጡ የካርትሪጅ ሽያጭ ተመታ። ኤፕሰን እ.ኤ.አ. በ2010 በኢንዶኔዥያ የራሱን ባለ ታንክ ፕሪንተር ይዞ ብቅ ያለው ከዚህ በኋላ ነው። ካኖንና ኤችፒም ተከተሉት። ታዲያ ማንም በነፃ አልሰጠም፤ ቀለሙ ሲረክስ ማሽኑ ተወደደ።

ለምሳሌ ያህል ባለ ታንኩ ከባለ ካርትሪጁ በ20,000 ብር ይወደዳል፣ በአንድ ፎቶ ግን 10 ብር ይቆጥባል እንበል። ልዩነቱ የሚመለሰው 2,000 ፎቶ ሲታተም ነው። በሳምንት 100 የሚያትም ፎቶ ቤት አምስት ወር ሳይሞላው ያካክሰዋል። በሳምንት አሥር የሚያትም ቤተሰብ አራት ዓመት ገደማ ይጠብቃል።

ቤተሰቡ ደግሞ ሌላ ወጪ አለበት። ማሽኑ ሥራ ሲፈታ ቀለም ይደርቃል። ለሳምንታት ያልተነካ ፕሪንተር የሙከራ ህትመት (ኖዝል ቼክ) ሲደረግለት መስመሮቹ ተቆራርጠው ይወጣሉ፤ ሄዱን የማጽዳት ሥራ (ሄድ ክሊኒንግ) ሲታዘዝ የተከፈለበት ቀለም ተመጥጦ ማሽኑ ውስጥ ወዳለ ስፖንጅ ይፈሳል። ቆጣሪው ስፖንጁ ሞልቷል ካለ ማሽኑ አላትምም ይላል። የኤፕሰን ሄድ ከማሽኑ ጋር የሚኖር በመሆኑ ክፉኛ ከተደፈነ ጥገናው ኪስ ይጎዳል። ሄዱን ካርትሪጁ ላይ በሚይዙት ርካሽ የኤችፒና የካኖን ሞዴሎች ግን ካርትሪጅ መለወጥ ሄድ መለወጥ ነው። በወር ሁለት ሦስት ፎቶ ለሚያወጣ ሰው፣ እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ባለ ታንኩም ባለ ካርትሪጁም አያዋጡም፤ ፍላሹን ይዞ ፎቶ ቤት ይሂድ።

በነባር ፕሪንተር ላይ ከውጭ የሚገጠመው የጠርሙስና የቱቦ ሲስተም በዋጋው ያጓጓል። ጠርሙሶቹ ከሄዱ ከፍ ካሉ ግን ቀለሙ ይንጠባጠባል፣ አለቅጥ ዝቅ ካሉ አይደርስም። ሰማያዊው ቱቦ ውስጥ አየር ከገባ የሙሽሪት ፊት ቀይ ይመታል። በእጁ መነካካት ለማይወድ ሰው ፋብሪካ የገጠመው ይሻለዋል።

የእኛን አገር ሂሳብ የሚለየው ምንዛሪው ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ማሻሻያ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ። ቀለምም ማሽንም ከውጭ ስለሚገቡ፣ ካርትሪጅ በየጊዜው የሚገዛ ሰው አዲሱን ምንዛሪ ደጋግሞ ይከፍላል። ባለ ታንኩን የገዛ ግን ትልቁን ወጪ በገዛበት ቀን ዋጋ አንዴ ጨርሷል። ብዙ ለሚያትም ሰው ከቁጠባውም በላይ ይህ ሚዛን ይደፋል፤ ብቻ ለማሽኑ ከመክፈሉ በፊት የዚያ ሞዴል ጠርሙስ፣ ሁሉም ቀለም፣ ገበያ ላይ መኖሩን ዞር ዞር ብሎ ይጠይቅ።