በእጽዋት ውስጥ የሚኖሩ ፈንገሶችና የፌኖል ብክለት

ፈንገስ ሲነሳ በአብዛኛው የሚታወሰው ዋግ፣ ሻጋታና የሰብል በሽታ ነው። ይሁንና በእጽዋት ግንድ፣ ቅጠልና ሥር ውስጥ አንዳችም የበሽታ ምልክት ሳያሳዩ የሚኖሩ፣ በሳይንሱ ኢንዶፋይት የሚባሉ ፈንገሶችም አሉ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ፌኖል የተሰኘውን በካይ ኬሚካልና ዘመዶቹን መሰባበር መቻላቸው የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያዎችን ትኩረት ስቧል።

ፌኖላማ ውህዶች ከነዳጅ ማጣሪያ፣ ከድንጋይ ከሰል ማቀነባበሪያና ከወረቀት ፋብሪካዎች ፍሳሽ ጋር ይወጣሉ። ዓሣን ይጎዳሉ፤ ውሃ በክሎሪን ሲታከምም ከክሎሪኑ ጋር ተዋህደው መጥፎ ጣዕምና ሽታ ይፈጥራሉ። ሆኖም እጽዋት ራሳቸው እነዚህን ውህዶች ለመከላከያ ስለሚያመርቱ፣ በውስጣቸው የሚኖር ፈንገስ ከኬሚካሉ ጋር ተላምዶ መኖር ግድ ይለዋል።

ለዚህም በቻይና የናንጂንግ ኖርማል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሥራ ይጠቀሳል። ተመራማሪዎቹ ቢሾፊያ ፖሊካርፓ ከተባለ ዛፍ ግንድ ፎሞፕሲስ ሊኩዳምባሪ የተሰኘ ፈንገስ ለይተዋል። በ2011 እ.ኤ.አ. ይፋ በሆነው ጥናታቸው መሠረት፣ ፈንገሱ 4-ሃይድሮክሲቤንዞይክ አሲድ የተባለውን ፌኖላማ ውህድ በቅድሚያ ወደ ፕሮቶካቴኩይክ አሲድ፣ ቀጥሎም ወደ ካቴኮል ይለውጠዋል። ከዚያም የኬሚካሉ ቀለበት ተከፍቶ ለፈንገሱ ምግብ ይሆናል። ዋናው ነገር የቀለበቱ መከፈት ነው፤ ካቴኮል ራሱ መርዛማ በመሆኑ ሂደቱ እዚያ ላይ ቢቆም ብክለቱ ተወገደ ማለት አይቻልም። ጥናቱን ያነሳሳው ኦቾሎኒ በአንድ ማሳ ከዓመት ዓመት ሲዘራ በአፈሩ የሚከማቹት ፌኖላማ አሲዶች በምርቱ ላይ የሚያደርሱት ጉዳት ነው።

በኢትዮጵያ ጉዳዩ ከቡና ጋር ይገናኛል። የእሸት ቡና መፈልፈያ ጣቢያዎች በአብዛኛው የሚተከሉት በወንዝ ዳር ሲሆን፣ ፍሳሻቸው ከስኳር በተጨማሪ ከቡናው ገለፈት የወጡ ታኒንና ሌሎች ፌኖላማ ውህዶችን ይይዛል። ስኳሩን ባክቴሪያዎች በፍጥነት ይጨርሱታል፤ ፌኖላማው ክፍል ግን ይዘገያል። ፍሳሹ አሲዳማ መሆኑ ለፈንገስ ከባክቴሪያ ይልቅ ይመቸዋል።

ይህ ማለት ግን ከውጭ የመጣን ፈንገስ ወንዝ ውስጥ መጨመር ይቻላል ማለት አይደለም። በፎሞፕሲስ ወገን ውስጥ ሰብል የሚያሳምሙ ዝርያዎች ስላሉ፣ በቡና አካባቢ ከመሞከሩ በፊት ፈንገሱ በኳራንቲን ቁጥጥር ሥር በቡና ችግኝ ላይ መፈተሽ ይኖርበታል። የአገር ውስጥ ዛፎችንና የቡናውን ተክል የራሱን ፈንገሶች መርምሮ መለየት ስጋቱን ይቀንሳል፤ ሥራውም ከወንዙ በፊት፣ አየር በሚያገኝ የማጣሪያ ገንዳ ውስጥ መከናወን አለበት።