ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ስለሚገቡ ልጆቻችን

በአሜሪካ በሜሪላንድ ግዛት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1946 ዓመት የተከፈተው ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ብዙ የአገራችን ተወላጆች የሚማሩበት ነው። እንዲህ ያለው ትምህርት ቤት ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ይባላል፤ ተማሪውን ሁለት ዓመት አስተምሮ ወደ ዩኒቨርሲቲ ያሳልፋል፤ ክፍያውም ለአካባቢው ነዋሪ ቀለል ይላል።

አዲስ ገቢ ተማሪ ከሁሉ አስቀድሞ ሰዓቱን ሊቈጥር ይገባዋል እንላለን። የሙሉ ጊዜ ተማሪ ለመባል ቢያንስ 12 ክሬዲት መያዝ ያሻል፤ ይኸውም በየሳምንቱ 12 ሰዓት ያህል በክፍል መቀመጥ፣ 24 ሰዓት ያህል ደግሞ በቤት ማጥናት ነው። ሌሊቱን የመኪና ማቆሚያ ሲጠብቅ የሚያድር ልጅ ይህን ሁሉ ሰዓት ከየት ያመጣዋል? በተማሪ ቪዛ የሄደው ግዴታ አለበት፤ የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ግን በ6 ክሬዲት ቢጀምር ነውር የለውም። ደግሞም የመረጠውን ትምህርት ሊሄድበት ያሰበው ዩኒቨርሲቲ ይቀበለው እንደ ሆነ የኮሌጁን አማካሪ ሳይጠይቅ ገንዘብ አይክፈል፤ ተቀባይ ያጣ ክሬዲት ዳግመኛ ያስከፍላልና።

በአገር ቤት ያለን ዘመዶችም ነገሩ ይመለከተናል። ገንዘብ ላክልን ባልነው ቍጥር ልጁ እንቢ ማለት አፍሮ ሌላ ሥራ ይጨምራል፤ የሚጐድለውም የጥናቱ ሰዓት ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ዓመት እንኳ፣ በስልክ ስንጠያየቅ ስለ ገንዘቡ ማንሣቱ ይቈየን።