የተራራ ጠመንጃ

የተራራ ጠመንጃ ማለት በተራራማ አገር በእግር እየተጓዘ ለሚያድን ሰው የሚሠራ፣ ክብደቱ የተቀነሰ የአደን ጠመንጃ ነው። የተለመደው የአደን ጠመንጃ ያለ ማነጣጠሪያ መነጽሩ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ኪሎግራም ሲመዝን፣ የተራራ ጠመንጃ ከ2.2 እስከ 2.8 ኪሎግራም አካባቢ ይመዝናል። አብዛኛውን ጊዜ ባለ መቀርቀሪያ (ቦልት አክሽን) ሲሆን፣ መቀርቀሪያውም አጭር ነው። በፋብሪካ ተሠርቶ ይሸጣል፤ ወይም ጠመንጃ ሠሪ በትዕዛዝ ይገጣጥመዋል። የሥራው ዋና ጥያቄ ክብደት ከየትኛው ክፍል ሊቀነስ እንደሚችልና ከየትኛው ሊነካ እንደማይገባ መለየት ነው።

የመቀርቀሪያው አሠራር

ባለ መቀርቀሪያ ጠመንጃ የሚዘጋው እንደ በር መቀርቀሪያ ነው። ተኳሹ እጀታውን ወደ ላይ አንሥቶ ወደ ኋላ ሲስበው ባዶው ቀለህ ይወጣል፤ ወደ ፊት ሲገፋው አዲስ ጥይት ከካዝናው ወደ ቱቦው ይገባል፤ እጀታውን ወደ ታች ሲመልሰው ደግሞ በመቀርቀሪያው ጫፍ ያሉት ጥርሶች ዞረው ይቆልፋሉ። በኢትዮጵያ «ውጅግራ» የሚባለው ጠመንጃ የዚሁ ዓይነት ነው። ስሙ «ፊዚል ግራ» ከሚለው የፈረንሳይኛ ስም የመጣ ሲሆን፣ የ1874 (እ.ኤ.አ.) ሥሪት የሆነው ይህ ጠመንጃ በአንድ ጊዜ አንድ ጥይት ብቻ ይጎርሳል።

ለዛሬዎቹ የአደን ጠመንጃዎች መሠረት የጣለው የጀርመኑ ፓውል ማውዘር የ1898 (እ.ኤ.አ.) ሥሪት ነው። ከፊት ሁለት የመቆለፊያ ጥርሶች፣ ከኋላ ደግሞ ለጥንቃቄ ሦስተኛ ጥርስ አለው። የማውዘር ፋብሪካ ከወታደራዊው መደበኛ ልክ ሌላ ለአጫጭር ጥይቶች የሚሆን አጭር የአደን ሥሪትም ያወጣ ነበር። ስለዚህ መቀርቀሪያን ከጥይቱ ርዝመት ጋር የማመጣጠን ሐሳብ አዲስ አይደለም።

ታሪክ

በአውሮፓ የአልፕስ ተራሮች አዳኞች አጭርና ለመያዝ የሚመች ጠመንጃ ይመርጡ ነበር። በኦስትሪያ የተሠራው የ1903 (እ.ኤ.አ.) ማንሊኸር ሾናወር ከእነዚህ መካከል ታዋቂው ነው። በአሜሪካ ዊንቸስተር ሞዴል 70 የተባለውን ጠመንጃውን «ፌዘርዌይት»፣ ማለትም «የላባ ክብደት»፣ በሚል ስም እ.ኤ.አ. በ1952 አቅልሎ አወጣ። በዚያው ዓመት .308 ዊንቸስተር የተባለው አጭር ጥይት ለገበያ ቀረበ። ሬሚንግተን ደግሞ ሞዴል ሰቨን የተባለውን አጭርና ቀላል ጠመንጃ እ.ኤ.አ. በ1983 አስተዋወቀ።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ነው። በዌስት ቨርጂኒያ ይሠራ የነበረው ሜልቪን ፎርብስ «አልትራ ላይት አርምስ» በተባለ ድርጅቱ በኩል ሞዴል 20 የሚባል ጠመንጃ አወጣ። ቁጥሩ የመቀርቀሪያ ክፍሉን ክብደት ያመለክታል፤ ይኸውም 20 አውንስ ወይም 567 ግራም ነው። ፎርብስ ሰደፉን ከእንጨት ይልቅ ከኬቭላርና ከካርቦን ጭረት ስለሠራው፣ ሙሉው ጠመንጃ ያለ መነጽር ከ2.3 ኪሎግራም በታች መዘነ። ከዚያ በፊት ክብደት የሚቀነሰው በአብዛኛው የተሠራን ጠመንጃ በመቆራረጥና በመቦርቦር ነበር። ፎርብስ ግን ክፍሎቹን ከመጀመሪያው ለጥይቱ በሚበቃ ልክ ሠራቸው።

ጥይቱ ልኩን ይወስናል

በትዕዛዝ በሚሠራ ጠመንጃ መጀመሪያ የሚመረጠው ጥይቱ ነው፤ መቀርቀሪያው፣ ካዝናውና ሰደፉ ይከተሉታል። ከፍተኛው የ.30-06 ጥይት ርዝመት 84.8 ሚሊሜትር፣ የ.308 ዊንቸስተር 71.1 ሚሊሜትር፣ የ.223 ሬሚንግተን 57.4 ሚሊሜትር ነው። ስለዚህ ለ.308 የተሠራ መቀርቀሪያ ለ.30-06 ከተሠራው ከ13 ሚሊሜትር በላይ ሊያጥር ይችላል። .243 ዊንቸስተር እና 7 ሚሊሜትር-08 ሬሚንግተን ከ.308 ቀለህ የተወለዱ በመሆናቸው በዚሁ አጭር ቤት ይሠራሉ።

ከዚህም ያነሱ፣ ለ.223 እና ለመሰሎቹ ብቻ የተለኩ መቀርቀሪያዎች አሉ። የቼክ ሪፐብሊኩ ሲዜድ 527 ለዚህ ምሳሌ ነው። እነዚህ ለትንንሽ ጥይቶች ይስማማሉ፤ የ.308 ርዝመት ያለውን ጥይት ግን ሊጎርሱ አይችሉም። ጥይቱ ካዝናው ውስጥ በግድ እንዲበቃ አረሩን ወደ ቀለሁ አጥልቆ ማስገባትም መፍትሔ አይሆንም፤ አረሩ የባሩዱን ቦታ ይሻማልና።

ማሳጠር ሲባል የሚያጥረው የመቀርቀሪያው ጉዞ እንጂ መቆለፊያው አይደለም። የ.308 ጥይት ሲተኮስ የሚፈቀደው ከፍተኛ ግፊት 4150 ባር ነው። ይህን የሚሸከሙት የመቆለፊያ ጥርሶችና በጥይቱ ማደሪያ ዙሪያ ያለው ብረት በመሆናቸው፣ ጠንቃቃ ሠሪ ከእነዚህ ላይ ብረት አያነሣም።

ክብደቱ ያለበት ቦታ

ለምሳሌ 567 ግራም የሚመዝን የመቀርቀሪያ ክፍል፣ 900 ግራም ቱቦ፣ 450 ግራም ሰደፍ፣ እንዲሁም 200 ግራም የሚመዝኑ ቃታ፣ ካዝናና ብሎኖች ያሉት ጠመንጃ በድምሩ 2.1 ኪሎግራም ገደማ ይሆናል። ከሁሉም ትልቁን ድርሻ የያዘው ቱቦው ነው። መቀርቀሪያውን ማሳጠር በራሱ የሚያተርፈው በአብዛኛው በአሥሮች የሚቆጠር ግራም ብቻ ነው።

ቱቦውን ማሳጠርም ቢሆን የሚታሰበውን ያህል አያቀልም። ከአፈሙዙ በኩል 15 ሚሊሜትር ውፍረት ካለው የ.308 ቱቦ 5 ሴንቲሜትር ቢቆረጥ የሚቀነሰው 50 ግራም አካባቢ ነው። በአንጻሩ አረሩ በሰከንድ 15 ሜትር ገደማ ፍጥነት ያጣል፤ ድምፁም ለተኳሹ ጆሮ ይበረታል። ስለዚህ ቱቦውን በልኩ ማቅጠን ከማሳጠር ይበልጥ ክብደት ይቀንሳል። የቀጠነ ቱቦ ግን በጥቂት ተከታታይ ተኩሶች ስለሚሞቅ፣ አረሩ የሚያርፍበት ቦታ ከዒላማው ሊንሸራተት ይችላል። ለተራራ አዳኝ ዋናው ከቀዝቃዛ ቱቦ የሚወጣው የመጀመሪያው ተኩስ በመሆኑ ይህ ጉድለት የሚቻል ነው፤ ለዒላማ ውድድር ግን አይመችም።

ሰደፉ ቀላልና የማይለመጥ መሆን አለበት። እንጨት እርጥበት ሲያገኘው ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ይህም ቱቦውን ይገፋዋል። ብዙ ሠሪዎች ቱቦው ሰደፉን እንዳይነካ በመካከላቸው ክፍተት ይተዋሉ። ፎርብስ ግን ሰደፉ ጠንካራ በመሆኑ ቱቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በላዩ አሳርፎታል።

ርግጫና አያያዝ

ከጠመንጃው የተቀነሰው ክብደት በርግጫ መልክ ይመለሳል። ጥይቱ ካልተለወጠ ጠመንጃው የሚቀበለው ግፊት ያው ስለሆነ፣ የርግጫው ኃይል ክብደቱ በቀነሰ ልክ ይጨምራል። 4 ኪሎግራም የሚመዝን ጠመንጃ ወደ 2.5 ኪሎግራም ሲወርድ የርግጫው ኃይል 1.6 እጥፍ ይሆናል። ርግጫ የሚፈራ ተኳሽ ቃታውን ሲስብ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ትከሻውንም ያሸሻል፤ አረሩም ከታለመለት ቦታ ይርቃል። ውጤቱ ቆስሎ የሚያመልጥና በሥቃይ የሚሞት እንስሳ ነው። ስለዚህ ለቀላል ጠመንጃ መካከለኛ ኃይል ያለው ጥይት፣ በልክ የተሠራ ሰደፍና ለስላሳ የትከሻ ትራስ ይመከራል።

ቀላል ጠመንጃ በእጅ ውስጥ ይንቀጠቀጣል፤ በተለይ ዳገት ወጥቶ ለሚያለከልክ ሰው። ተኳሾች ይህን ለመቀነስ ሰደፉን በድንጋይ ወይም በሻንጣ ላይ ያሳርፋሉ። መነጽሩም በክብደቱ ይታሰባል፤ 250 ግራም ከጠመንጃው ለመቀነስ የተደከመበትን ሥራ ትልቅ መነጽር በአንድ ጊዜ ያጠፋዋልና።

ፍተሻና ሕግ

አዲስ ቱቦ ከመቀርቀሪያ ጋር ሲገጠም፣ በተዘጋው መቀርቀሪያ ፊትና ጥይቱ በሚያርፍበት ቦታ መካከል ያለው ርቀት በልዩ መለኪያ ይፈተሻል። ርቀቱ ከተገቢው ከሰፋ ቀለሁ ሊበጠስና የጋለ ጋዝ ወደ ተኳሹ ፊት ሊያፈተልክ ይችላል። ስለዚህ ይህ ሥራ ለሠለጠነ ባለሙያ የሚተው ነው። በብሪታንያ ጠመንጃ ከመሸጡ በፊት በለንደን ወይም በበርሚንግሃም የመፈተኛ ቤት ከመደበኛው በበረታ ጥይት ተሞክሮ ማኅተም ይደረግበታል። በብዙ የአውሮፓ አገሮችም የጠመንጃው መሞከሪያ ጥይት ከከፍተኛው ግፊት 25 በመቶ የበለጠ ነው። በአሜሪካ ግን እንዲህ ያለ የመንግሥት የግዴታ ፍተሻ ስለሌለ፣ ኃላፊነቱ በሠሪው ላይ ይወድቃል።

የጠመንጃ ይዞታ በየአገሩ ሕግ ይገዛል። በኢትዮጵያ ጉዳዩ የሚታየው በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ነው።