መድኃኒቱን ቀድሞ የሚመጣው ሰው

የደም ግፊት መድኃኒት ለሚሸጥ ኩባንያ ሐኪም ብርቅ አይደለም፤ ክሊኒክ ባለበት ሁሉ ደንበኛ አለው። እንደ ጎሼ ላለ በሽታ መድኃኒት የሠራ ኩባንያ ግን መጀመሪያ በሽታውን በዓይኑ ያየ ሐኪም መፈለግ አለበት። ጎሼ የሚመጣው አንድን የስብ ዓይነት የሚያፈርስ ኢንዛይም ሲጎድል ነው። ስቡ በጣፊያ፣ በጉበትና በመቅኔ ይጠራቀማል። ጣፊያው አብጦ ደሙ ያነሰ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚጠረጠረው በደም ካንሰር ነው።

ፍለጋውን የሚሠራው ባለሙያ ሜዲካል ሳይንስ ሊያዞን ይባላል። ሥራውን እ.ኤ.አ. በ1967 የጀመረው አፕጆን የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ነው። ከመድኃኒት አስተዋዋቂ ጋር አይምታታ፤ ብዙውን ጊዜ ራሱ ፋርማሲስት፣ ሐኪም ወይም ዶክትሬት ያለው ሰው ነው፣ ሥራውም በሽያጭ አይለካም። መድኃኒቱ ገና ፈቃድ ሳያገኝ ይሰማራል። የምርምር ጽሑፍ ያገላብጣል፣ በጉባኤ ማን ምን እንዳቀረበ ይከታተላል። ከሁሉ የምትጠቅመው ግን አንዲት ጥያቄ ናት፦ «እንዲህ ያለ ታማሚ ሲመጣብዎ ወደ ማን ይልካሉ?» ሦስት አራት ሐኪሞች አንድ ስም ከጠሩ፣ ባለስሙ በመጽሔት አንድ መስመር ባይጽፍ እንኳ መጎብኘት ያለበት እሱ ነው።

ከዚህ ወዲያ ነገሩ ስስ ነው። አዋቂው ሐኪም ለምክሩ ይከፈለዋል፤ የምክር ዋጋና ጉርሻ ደግሞ ከሩቅ አይለዩም። በአሜሪካ በ2010 የወጣው ሕግ ኩባንያዎች ለሐኪም የከፈሉትን እንዲያሳውቁ ያስገድዳል፤ መዝገቡም ከ2014 ጀምሮ ለሕዝብ ክፍት ነው። ለእኔ ግን የግንኙነቱ እውነተኛ መለኪያ ሐኪሙ ኩባንያው የማይወደውን ሲናገር የሚሆነው ነው።

ጎሼ ላይ ይህ ደርሷል። ሴሬዴዝ የተባለው የጄንዛይም ኩባንያ መድኃኒት በ1991 ተፈቀደ። ኢንዛይሙ የሚወጣው ከእንግዴ ልጅ ስለነበር፣ ለአንድ ታማሚ የአንድ ዓመት መድኃኒት በሺዎች የሚቆጠር የእንግዴ ልጅ ይፈጅ ነበር፤ ዋጋውም በዓመት መቶ ሺዎች ዶላር። በ12 ታማሚዎች ላይ በተደረገው ሙከራ የተሰጠው መጠን በኪሎ 60 ዩኒት፣ በየሁለት ሳምንቱ ነበር። በዚያው ዓመት በካሊፎርኒያው ስክሪፕስ ተቋም የሚሠራው የደም ሐኪም ኧርነስት ቦይትለር ተቃወመ፦ በሳምንት ሦስት ጊዜ ጥቂት ጥቂት ቢሰጥ፣ በወር ተደምሮ ሩቡ ይበቃል አለ። በኢየሩሳሌም ሻዓሬ ጼዴቅ ሆስፒታል የጎሼ ክሊኒክን ያቋቋመው አሪ ዚምራንም የዝቅተኛውን መጠን መንገድ ያዘ።

አስቡት፤ በዓለም ላይ በሽታውን ከሚያውቁት ጥቂት ሰዎች ሁለቱ የኩባንያውን ገቢ በአራት አካፍሉት እያሉ ነው። ተራ ገበያ ቢሆን ወደ ሌላ ሐኪም መዞር ይቻል ነበር። እዚህ ግን ታማሚው ያለው እነሱ ዘንድ ነው፤ በ1991 የተጀመረው ዓለም አቀፍ የጎሼ ታማሚዎች መዝገብም የሚሞላው ታማሚ ባላቸው ሐኪሞች ነው። ዛሬ ሴሬዴዝን የተካው የሴሬዛይም መመሪያ ሲነበብ፣ የመነሻ መጠኑ በሳምንት ሦስት ጊዜ በኪሎ ከ2.5 ዩኒት ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ እስከ 60 ዩኒት ይደርሳል፤ ምርጫው ለሐኪሙ ተትቷል።